የልጄን የስኳር መለኪያ ለባለቤቴ ልጠቀምበት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። ሦስቱም ስለ ስኳር መለካት ይጠይቃሉ። እኔም ጅማ ነው የምኖረው፤ የማስተምረውም ኬሚስትሪ ነው። ጉዳዩ በብዙ ቤት ያለ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ማሽኑ ቤታችን አለ፤ ያስቸገረን ስትሪፑ ነው። አንዳንዴ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ልጃችን ኬሚስትሪ ይማራል። ለመመረቂያው ያለ ኢንዛይም ስኳር የሚለካ ነገር በኒኬል እየሠራ ነው። "ይሄ አይበላሽም፣ ርካሽ ነው" ይለናል። አባቱ ሲሰማ "እንግዲያው በእኔ ሞክረው" አለው። ልጁ ግን እምቢ አለ። እውነት ይሠራል? ስትሪፑስ ለምንድን ነው የሚበላሸው?
እናት ነኝ፣ ከቆጪ

መልስ፦ እትዬ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። ልጅዎ የሠራውን ኤሌክትሮድ (ጅረት የሚያልፍበትን የመለኪያ ጫፍ) ለባለቤትዎ አይጠቀሙበት። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መጠኑን የሚያስተካክለው ማሽኑ ላይ ባየው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ከታየ ኢንሱሊኑ ይበዛበታል። ስኳሩ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስትም ይችላል። ልጅዎ እምቢ ማለቱ ትምህርቱ በደንብ እንደገባው ያሳያል። ይኩሩበት።

ይህን ስል ሥራው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በጣም የምወደው የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው። እስቲ ከስትሪፑ እንጀምር።

ስትሪፕ የደም ጠብታ የምናስነካው፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካው ቁራጭ ነው። ጫፉ ላይ የደረቀ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ተቀብቷል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ወይም ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ ይባላል። የደሟ ጠብታ ስትነካው ኢንዛይሙ ይሟሟና ግሉኮሱን፣ ማለትም የደሙን ስኳር፣ ይይዛል። ከእያንዳንዱ ግሉኮስ ሁለት ኤሌክትሮን ይወስዳል። እነዚያን ኤሌክትሮኖች ሌላ ኬሚካል ተሸክሞ ወደ ኤሌክትሮዱ ያደርሳቸዋል። ማሽኑ የሚለካው ይህንን የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ስኳሩ ሲበዛ ጅረቱም ይበዛል። ማሽኑ አስልቶ ቁጥር ያደርግልዎታል። የዚህ ሁሉ መነሻ በ1962 እ.ኤ.አ. ሌላንድ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ አሜሪካ ውስጥ ያቀረቡት የኢንዛይም ኤሌክትሮድ ነው።

የኢንዛይሙ ትልቁ ችሎታ መለየት ነው። ደም ውስጥ ስንት ነገር አለ። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ግን ከዚያ ሁሉ መሃል ግሉኮስን ነጥሎ ያገኛል። ድካሙ ደግሞ ፕሮቲን መሆኑ ነው። ከፍተኛ ሙቀት ላይ በቆየ ቁጥር ቅርጹ ይበላሻል፤ ቅርጹ ከተበላሸ ሥራው ያበቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚመጣ ዕቃ የጊቤን በረሃ አቋርጦ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለውን ሙቀት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከተማችን ውስጥ ግን ከሙቀቱ ይልቅ የምፈራው እርጥበቱን ነው። ክረምት ሲገባ ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ይረጥባል። ኢንዛይሙም ተሸካሚው ኬሚካልም ደርቀው እንዲቆዩ ነው የተሠሩት። የስትሪፑ ብልቃጥ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ነገር የተደረገው ለዚህ ነው። ብልቃጡ ክፍት ከዋለ ያ ነገር ይጠግባል፤ ቀጥሎ የሚረጥበው ስትሪፑ ነው። ስትሪፕ "ኤክስፓየር አደረገ" ስንል በአብዛኛው ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ። እሱ የሚያደርገው ፕሮቲኑን ከመሃል ማውጣት ነው። ግሉኮሱ ብረቱን በቀጥታ እንዲነካ፣ ኤሌክትሮኑንም ራሱ ለብረቱ እንዲሰጥ ይፈልጋል። ሐሳቡ ከኢንዛይም ኤሌክትሮዱ በዕድሜ ይበልጣል። ዋልተር ሎብ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1909 እ.ኤ.አ. ግሉኮስን ያለ ምንም ኢንዛይም በኤሌክትሮድ ላይ ኦክሲዳይዝ ማድረግ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን መውሰድ፣ እንደሚቻል አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በፕላቲኒየም፣ በወርቅ፣ በመዳብ፣ በኮባልትና በኒኬል ተሞክሯል።

ኒኬል እንዲህ ይሠራል። ጠንካራ አልካሊ (እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ፈሳሽ) ውስጥ ሲገባ ላዩ ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ወደ ግማሽ ቮልት አካባቢ ሲሰጡት ደግሞ ኤሌክትሮን ያጣና ኤሌክትሮን የሚራብ ዓይነት ይሆናል። ያ የተራበ ኒኬል ግሉኮስ ሲያገኝ ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል፤ ግሉኮሱ ወደ ግሉኮኖላክቶን ይለወጣል፤ ኒኬሉም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ኤሌክትሮዱ መልሶ ያስርበዋል። እንዲህ እየዞረ ይቀጥላል። በዚህ ዙር ውስጥ ሙቀት የሚያፈርሰው ፕሮቲን የለም። ልጅዎ "አይበላሽም" ያለው ለዚህ ነው፤ ከሞላ ጎደልም እውነቱን ነው።

"ናኖ" የሚባለው ነገርስ? ቡና ሳይወቀጥ በፍሬው ቢያፈሉት አይወጣዎትም። ሲወቀጥ ቶሎ የሚወጣው ውሃው የሚነካው ገጽ ስለሚበዛ ነው። ብረቱም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እጅግ ደቅቆ መከፋፈሉ ላይ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ጎን ያለውን ኩብ እንውሰድ። የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ኩብ 10 ናኖ ሜትር ጎን ወዳላቸው ኩቦች ብንቆራርጠው የሁሉም ገጽ ተደምሮ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ብረቱ ያው ነው፤ ግሉኮስ የሚያርፍበት ቦታ ግን አንድ ሚሊዮን ጊዜ በዛ። በጥቂት ኒኬል ብዙ ጅረት የሚገኘው በዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ለባለቤትዎ አይሆንም? ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቁት። "የምትሠራው በምን ፈሳሽ ውስጥ ነው?" ይበሉት። 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይልዎታል። ያ ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው) 13 ነው። የሰው ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ከላይ የነገርኳችሁ የኒኬል ዙር ደግሞ ሃይድሮክሳይድ ካላገኘ አይዞርም። ደም ውስጥ ያለው ሃይድሮክሳይድ ከልጅዎ ፈሳሽ ጋር ሲተያይ ወደ 400,000 ጊዜ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ጠብታ ደም ኒኬሉ ላይ ቢያሳርፉ ኒኬሉ ዝም ነው የሚለው።

በዚያ ላይ ብረት እንደ ኢንዛይም አይመርጥም። ቫይታሚን ሲም፣ ዩሪክ አሲድም፣ ፓራሲታሞልም ኤሌክትሮን ይሰጡታል። ፍሩክቶስና ጋላክቶስም ስኳር ናቸውና ይሰጡታል። ኒኬሉ ማን እንደሰጠው አይጠይቅም፤ ይደምራል። ባለቤትዎ ራስ ምታት ይዟቸው ፓራሲታሞል ቢውጡ "ስኳር ጨመረ" የሚል ቁጥር ሊመጣ ይችላል። ለመርፌ የሚሆን ቁጥር ይህ አይደለም።

ስለ ዋጋውም በግልጽ ልናገር። በአንድ ስትሪፕ ላይ ያለው ኢንዛይም እጅግ ጥቂት ነው። የምንከፍለው ለኅትመቱ፣ ለማሸጊያው፣ ለጥራት ፍተሻው፣ ለማጓጓዣውና ለምንዛሪው ጭምር ነው። ኢንዛይሙን ማውጣት ብቻውን ስትሪፕ አያረክስም። ኢንዛይም የሌለው ስትሪፕ ቢመጣ እኔ የማስበው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት ሳይጎዳ ረጅም ጊዜ መደርደሪያ ላይ መቆየቱ። ከከተማ ርቆ ላለ ጤና ጣቢያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እስከዚያው ያለዎት ስትሪፕ እንዳይባክን ይህን ያድርጉ። ብልቃጡን ማዕድ ቤት፣ እንፋሎት ባለበት አያስቀምጡ። አንዷን አውጥተው ወዲያው ይክደኑት። ስትሪፖቹን ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡ። ፍሪዘር ውስጥም አይክተቱ። ከተከፈተ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ የከፈቱበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ባለቤትዎ ለመለካት ጣታቸውን ከመወጋታቸው በፊት እጃቸውን በውሃና በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ማንጎ የላጠ ጣት ሳይታጠብ ቢለካ የማንጎው ስኳር ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ጥቂት ስትሪፕ ብቻ ሲኖራችሁ በቀኑ የትኛው ሰዓት ላይ መለካት እንደሚሻል ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ያለ ሐኪም ምክር መጠን አይቀይሩ።

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ኒኬል ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት በግላሲ ካርቦን ኤሌክትሮድ ላይ አድርጌ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ስኳሩ ሲጨምር ጅረቱ አብሮ የሚጨምርበት በጣም ቆንጆ ቀጥተኛ መስመር አገኘሁ። ቅንጣቱን የሠራሁት በዕፅዋት ጭማቂ ነው። ፒኤች 7.4 ፎስፌት በፈር (ፒኤቹ እንዳይቀያየር የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ ስሞክረው ግን ጅረቱ ጠፋ። ምን አበላሸሁ? ውጤቴስ ዋጋ አለው?
ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላበላሸሽም። ለእትዬ የመለስኩትን አንብቢው፤ ኒኬሉ እንዲህ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ለምን ዝም እንደሚል እዚያ አለ። ጅረቱ ባይጠፋ ኖሮ ነበር የምጨነቀው። ኒኬል በገለልተኛ ፈሳሽ ውስጥ ትልቅ ጅረት ሰጠሽ ማለት ሌላ ነገር እየተለካ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጭማቂው ግን አጥብቄ ልጠይቅሽ። የዕፅዋት ጭማቂ የብረት ጨውን ወደ ናኖ ቅንጣት የሚለውጠው ውስጡ ባሉት ፖሊፌኖሎች (ኤሌክትሮን የሚሰጡ የዕፅዋት ኬሚካሎች) ጭምር ነው። ፖሊፌኖል ደግሞ ራሱ ኤሌክትሮድ ላይ ኦክሲዳይዝ ይሆናል። ቅንጣቱ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ጅረት ይሰጥሻል፤ አንቺም የግሉኮስ ይመስልሻል። ስለዚህ በከፍተኛ ሙቀት አቃጥለሽ አጽጂው። ከዚያ ግሉኮስ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ደጋግመሽ ለኪው። ባዶው ግላሲ ካርቦን ብቻውን ምን እንደሚሰጥም አሳዪ። ያለ እነዚህ ማነጻጸሪያዎች የቀረበ መስመር ምንም ቢያምር አላምነውም።

ሌሎች ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ግላሲ ካርቦኑን በአሉሚና ዱቄት ከ1 ማይክሮ ሜትር ጀምረሽ እስከ 0.05 ድረስ እየወረድሽ ፖሊሽ አድርጊው፤ በየመሃሉ እጠቢው። ኒኬሉን ከመለካትሽ በፊት ሳይክሊክ ቮልታሜትሪ (ቮልቱን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ጅረቱን መለካት) ላይ ደጋግመሽ አዙሪው፤ ፒኩ መቀየር ሲያቆም ነው ዝግጁ የሚሆነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ከፍተሽ አታሳድሪው፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል፤ ፒኤቹም ይወርድብሻል። አምፔሮሜትሪ (ቮልቱን ሳይቀይሩ ጅረቱን መከታተል) መሃል ላይ መብራት ሄዶ ቢመለስ ከተቋረጠበት አትቀጥዪ፤ ከመጀመሪያው አሂጂው። የተቆራረጠን መስመር መቀጣጠል ቁጥሩን ያዛባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በዚህ ዘርፍ የሚወጡ ብዙ ጽሑፎች የሚፎካከሩት በሴንሲቲቪቲ (ለትንሽ ስኳር ምን ያህል ጅረት እንደሚሰጥ) ነው። አንዱ በማይክሮ አምፔር ይህን ያህል ይላል፤ ሌላው ትንሽ ጨምሮ ይመጣል። ይህ ውድድር ለበሽተኛው የሚጨምርለት ነገር ትንሽ ነው። ጾሞ ያደረ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በሊትር ወደ 5 ሚሊሞል ግሉኮስ አለ። ኤሌክትሮኬሚስትሪ ለለመደ ሰው ይህ ብዙ ነው። እጅግ ትንሽ መለካት መቻል ደምን ለመለካት ያን ያህል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ በገለልተኛ ፒኤች መሥራት፣ እንደ ቫይታሚን ሲና ዩሪክ አሲድ ያሉትን፣ ጅረቱን የሚያዛቡትን "ቀማኞች" መለየት፣ ክሎራይድና ፕሮቲን ባሉበት አለመታፈን።

ፕላቲኒየምና ወርቅ በገለልተኛ ፈሳሽም ይሠራሉ። ግን ደም ውስጥ በሊትር ወደ 100 ሚሊሞል ክሎራይድ አለ፤ ገጻቸው ላይ ተቀምጦ ቦታ ያስለቅቃል። ፕሮቲንም ይለጠፍባቸዋል። ፕላቲኒየምን ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎ መሥራት የሚወደደው ለዚህ ነው። በፕላቲኒየም ላይ ግሉኮስ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በየቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ገጹን ሁሉ ይጠቀማል። ቫይታሚን ሲ ግን ፈጣን ነው፤ አፋፉ ላይ ያልቃል። ገጹ በቀዳዳ ሲበዛ የግሉኮሱ ጅረት ይጨምራል፤ የቫይታሚን ሲው እምብዛም አይጨምርም። ብረት ያለ ኢንዛይም በፍጥነት ልዩነት ብቻ መምረጥ ሲችል ማየት እኔን ሁልጊዜ ያስደስተኛል። መመልከት ያለብሽ አቅጣጫ ይህ ይመስለኛል።

ስለ ቀማኞቹ ስትጽፊ ሐቀኛ ሁኚ። ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በሊትር 0.3 ሚሊሞል አካባቢ ነው፤ ያንኑ መጠን ተጠቀሚ። ከዚያ በታች ወስደሽ "አልረበሸኝም" ብትዪ ፈተናው ቀለለ እንጂ ኤሌክትሮዱ አልጎበዘም። ፍሩክቶስን፣ ጋላክቶስንና ማልቶስን አትዝለያቸው። ማልቶስ በኢንዛይም ስትሪፕ ላይ እንኳ ጉዳት አድርሷል። አንድ ዓይነት ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ ማልቶስን ግሉኮስ ብሎ ስለሚቆጥር በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል።

"በደም ናሙና ሞከርኩት" ስትዪ ደግሞ እንዴት እንደሞከርሽው ጻፊ። 20 ማይክሮ ሊትር ሴረም (ከደም የሚለየው ፈሳሽ) በ10 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ከጨመርሽ ናሙናው ወደ 500 ጊዜ ቀጥኗል። የለካሽው ደም ሳይሆን ደም የነካው አልካሊ ነው። ይህ ነውር የለውም፤ የላብራቶሪ ዘዴ ነው። ያንቺ ኤሌክትሮድ ትንሽ መጠን ማየት መቻሉ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ግን ቢከር ላይ የሚሠራን ነገር "ለቤት የሚሆን መለኪያ" ብለሽ አትጥሪው። የቤት መለኪያ ሊያሟላው የሚገባው ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኤስኦ 15197 ይባላል። በ2013 እ.ኤ.አ. በታደሰው መሠረት ከንባቦቹ 95 በመቶው፣ ግሉኮሱ በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ሲሆን ከእውነተኛው በ15 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ሲሆን በ15 በመቶ ውስጥ መውደቅ አለባቸው። መመረቂያሽ መጨረሻ ላይ ያንቺን ቁጥር ከዚህ አጠገብ አስቀምጪው። መምህራንሽ የሚያከብሩሽ በዚህ ነው።

ውጤትሽ ዋጋ አለው ወይ ላልሽው፤ አለው። አልካሊ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ኤሌክትሮድ አልካሊ የሚፈቀድበት ቦታ ይፈለግለት። አንዱን ቦታ ቀጣዩ ጠያቂ ነግሮሻል።

ጥያቄ፦ ማር እነግዳለሁ። ስኳር የተቀላቀለበት ማር እየመጣ ተቸገርን። በስኳር በሽተኛ ማሽን ብለካው ይለይልኛል?
ከአጋሮ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይለይልህም። ማር ውስጥ ከመቶ 30 ያህሉ ግሉኮስ፣ ከዚያ በለጥ የሚለው ፍሩክቶስ ነው። ማሽኑ የተሠራው ለደም ነው፤ ብዙዎቹ በዴሲሊትር ከ600 ሚሊግራም በላይ አይቆጥሩም። ማር ደግሞ ከ40,000 ይበልጣል። አቅጥነህ ብትለካው እንኳ የሚያየው ግሉኮሱን ብቻ ነው። የሱቅ ስኳር ሱክሮስ ነው፤ የስትሪፑ ኢንዛይም አያውቀውም። የሚሠራ ስትሪፕ ለማር አታባክን፤ የሚፈልገው በሽተኛ አለ።

መታየት ያለበት ሌላ ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የአበባ ማር በ100 ግራም ውስጥ ፍሩክቶስና ግሉኮሱ ተደምሮ ከ60 ግራም እንዳያንስ፣ ሱክሮሱ ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይላል። ኢንዛይም የሌለው ኒኬል ግሉኮስንና ፍሩክቶስን ሳይለይ ይደምራል ብዬ ከላይ ከስሼው ነበር። ለደም ጥፋት የሆነው ለማር ሊጠቅም ይችላል፤ እዚህ የሚፈለገው ድምሩ ነውና። ማርን በአልካሊ ማቅጠን ማንንም አይጎዳም። ሱክሮሱ ራሱ ኒኬሉ ላይ ምን ያህል እንደሚሰጥ መጀመሪያ ለብቻው መለካት አለበት። ከዚያ ናሙናውን በአሲድ አፍልቶ ሱክሮሱን መሰባበርና በፊትና በኋላ ያለውን ድምር ማነጻጸር ነው። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ከተፈላ በኋላ ድምሩ ይዘላል፤ ንጹሑ ብዙም አይንቀሳቀስም። ስኳሩ አስቀድሞ የተሰባበረ ሽሮፕ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አይያዝም።

በነገራችን ላይ ንብ ራሷ ግሉኮስ ኦክሲዴዝን ማሯ ውስጥ ትጨምራለች። ያው የስትሪፑ ኢንዛይም ነው። ማር ቀጠን ሲል ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚያወጣው፣ ጀርም የሚገድለውም በከፊል በዚህ ነው። ማርህን ከልክ በላይ ካሞቅከው ይህ ኢንዛይም ይሞታል፤ ረግቶብህ ማቅለጥ ከፈለግህ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጠህ ቀስ ብለህ አቅልጠው።

በማር ላይ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ካገኘህ፣ ከቀፎው ሲቆረጥ በዓይንህ ያየኸውን ማር ለይተህ ስጠው። የሚያነጻጽርበት ንጹሕ ማር ከሌለው ልኬቱን መጀመር አይችልም።